ዕቃ ቤት የገቡት ማኅደሮች

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «መዝገብ ቤት ነኝ» እላለሁ። ብዙው ሰው ወዲያው ወሬ ይቀይራል። አልፈርድበትም፤ ስለ አቧራና ስለ ማኅተም ምን ይወራል? እኔ ግን ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የላስታ ከተማ፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ አቧራ ውስጥ ንግሥት ሆኜ ኖሬያለሁ። ገበሬው መጥቶ ስሙንና ጎጡን ከነገረኝ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። ኃላፊያችን አቶ ታረቀኝ «ጥሩወርቅ ከሞተች ይህ ወረዳ መሬት የለውም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱን ከልቤ አምኜው ነበር፤ ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል።

የቢሯችን ግድግዳ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ጣሪያው ደግሞ በክረምት ወንፊት ነው። አምና ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ማኅደር ረጥቦብን እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አስጥተን ነው ያተረፍነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጥር ላይ ቤቱ እንዲታደስ ተወሰነ። የቀረው ጥያቄ ሰነዱ እስከዚያው የት ይቀመጥ የሚለው ነበር። ለእሱም ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ሆንኩ።

አንዱ «ወልድያ ዞን መምሪያ እንላከው» አለ። ገበሬ አንድ ወረቀት ለማየት ወልድያ ድረስ ሊሄድ ነው? ሌላው ላሊበላ ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ባዶውን የተቀመጠ ሆቴል እንከራይ አለ፤ ቱሪስቱ ሲመለስ ሰነዱን ሜዳ ላይ ያወጡብናል ተብሎ ቀረ። የቀበሌው እህል መጋዘን አይጥ አለበት። የትምህርት ቤቱ ክፍል መስኮት የለውም። «በኮምፒውተር ይግባ» ያለም ነበር። እሱንማ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምረነው፣ ሁለት ቀበሌ ሳናጠናቅቅ ማሽኑ ተበላሽቶ እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደተሸፈነ አለ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ላይ ሚካኤል ዕቃ ቤት ይግባ» አልኩ።

ላይ ሚካኤል ከከተማችን የአንድ ሰዓት ዳገት ላይ፣ ገደል ሥር ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕቃ ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ፣ ደረቅና ብርድ የሆነ ክፍል ነው። በዚያ በግርግሩ ጊዜ የከተማው መሥሪያ ቤት ሁሉ ሲበተን፣ ማኅደሮቼን ከመንገድ ላይ በመሶብ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከላይ ሚካኤል ግን አንዲት ጧፍ አልጎደለችም። ይህንን ስናገር ኮሚቴው ሁሉ «እውነቷን ነው» አለ። ቃለ ጉባኤውንም ራሴ ጻፍኩት።

ቄሰ ገበዙ፣ የዕቃ ቤቱ አዛዥ ማለት ናቸው፣ መምሬ ስመኝ ይባላሉ። ሄጄ ስለምናቸው ብዙ አላስቸገሩኝም።

«አደራ መቀበል የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ እንቀበላለን። ደንባችንን ግን ታውቂው የለ?»

«ምንድነው አባቴ?»

«በሩ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ መሪጌታው ዘንድ፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤው ተወካይ ከምስጋናው ዘንድ ነው። ሦስታችን ካልቆምን አይከፈትም። ቁልፍ ደግሞ ለሚስትም ለልጅም አይወከልም። ውስጡ ንዋየ ቅድሳት ስላለ ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚገባ የለም።»

«እኔም ቢሆን? ሥራዬ እኮ ነው።»

«አንቺም ብትሆኚ፣ አቶ ታረቀኝም ቢሆን፣ አገረ ገዢም ቢሆን።»

ምንም አልመሰለኝም። መግባት ለምን ያስፈልገኛል? ሃያ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ አዘጋጅቼ ማኅደሩን በየቀበሌውና በየቁጥሩ አስሬ ሞላሁ። በየጆንያው ላይ በማርከር ትልልቅ ቁጥር ጻፍኩበት፤ የትኛው ጆንያ ምን እንደያዘም በደብተሬ መዘገብኩ። ሰው ማኅደር ሲፈልግ «ጆንያ ስድስት» እላለሁ፣ ዲያቆኑ ተሸክሞ ያወጣልኛል፣ አበቃ። በአህያ ጭነን ወሰድን፣ በር ላይ ቆጥሬ አስረከብኩ፣ ፈረሙልኝ። ያን ቀን ዳገቱን ስወርድ እየዘፈንኩ ነበር ብላችሁ አልዋሽም።

ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ማክሰኞ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። የወይዘሮ ብርቄ ዋናው የይዞታ ማኅደር ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይቅረብ ይላል። ሦስተኛ ትእዛዝ ነበር። የመጀመሪያውን አቶ ታረቀኝ «ቢሮው እድሳት ላይ ነው» ብለው መልሰውታል፤ ሁለተኛው ሥልጠና ሄደው ሳለ ጠረጴዛቸው ላይ ተኝቶ ከርሟል። ለእኔ የነገረኝ የለም።

እትዬ ብርቄ የስድሳ ምናምን ዓመት ባልቴት ናቸው። ባላቸው አያ ደሳለኝ ሲሞቱ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት መስኖ የምትጠጣ ማሳ ነበረቻቸው፤ ሽንኩርቱም ድንቹም የሚመጣው ከእሷ ነው። የባላቸው ወንድም ልጅ ሞላ ደግሞ «አጎቴ በቁሙ ለእኔ ሰጥቶኛል፣ ሦስት ምስክር አለኝ» ብሎ ከሰሳቸው። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም። ያመነውን ነው የሚናገረው፤ ምስክሮቹም የሚወዱት ጎረቤቶቹ ናቸው። የእትዬ ብርቄ የይዞታ ደብተር በግርግሩ ከሳጥናቸው ጋር ጠፍቷል። ምስክር የሚሆኗቸው ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ቆላ ወርዶ የደረሰበት አይታወቅም። የቀራቸው እኛ ዘንድ ያለው ማኅደር ብቻ ነበር። እሱ ውስጥ መሬቱ ሲለካ የተሞላው ቅጽ አለ፤ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን፣ የአዋሳኞች ስም፣ የሁሉም አሻራ።

«እትዬ ብርቄ፣ ሳይሰጉ ይተኙ» አልኳቸው ጊዜያዊው ቢሯችን ሲመጡ። ደብተሬን ገልጬ አየሁ። «ጆንያ ዐሥራ አራት፣ ከላይ ሁለተኛው እስር። ነገ አወጣዋለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ እየሣቁ። «እኔ ሞኟ ነኝ፤ ወረቀቱ ደግሞ አንቺ ዘንድ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት አብረን ወጣን። «አይምጡ፣ ዳገት ነው» ብላቸው «ገላጋይ መሰልኩሽ እንዴ? መሬቴ እኮ ነው» አሉኝ። ስንደርስ ቅዳሴ ገና አልገባም፤ በጾሙ ምክንያት የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያንን አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ምስጋናው አለመኖሩን ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲሚንቶ ሊያመጣ ጋሸና ሄዷል። ስልክ መታሁለት።

«መኪናው ገና አልተጫነም እቴ» አለኝ። «እንደ ጫነ እመጣለሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።»

ከአጥሩ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። እትዬ ብርቄ ስለ ባላቸው ያወሩኛል፤ መሬቱ ሲለካ አያ ደሳለኝ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ቀለሙ ለሳምንት አልለቅ ብሏቸው እንደነበር ይነግሩኛል። እኔ በየአሥር ደቂቃው መንገዱን አያለሁ። ቅዳሴው አለቀ፤ ሕዝቡ ተበተነ። ምስጋናው ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ መጣ። ሦስቱ ቁልፎች ገቡና በሩ ተከፈተ። መምሬ ስመኝ ጫማቸውን አውልቀው ከሁለት ዲያቆናት ጋር ገቡ። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ጆንያ ዐሥራ አራትን ያውጡልኝ መምሬ።»

«የቱን ጆንያ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ዐሥራ አራት የተጻፈበትን።»

መምሬ ወደ በሩ መጡ። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት ነበር፤ በእውነት ኩራት ነበር። «ልጄ፣ ጆንያውማ የማዳበሪያ አይደል? ይሸታል። ከመስቀሉና ከጽንሐው ጎን እንዴት ብለን እናስቀምጠው? አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን አራገፍነው፤ እስሩንም ፈታነው። አቧራውን በጨርቅ ጠረግን። ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፣ እንደ መጽሐፍ ደረደርንልሽ። በነጠላ ሸፍነነዋል። አንድ ቅጠል አልጎደለም።»

«ጆንያዎቹስ?»

«አቃጠልናቸው።»

ደብተሬን ዘጋሁት። በየማኅደሩ ሽፋን ላይ ያለው የቀበሌ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያም በአህያው ጭነት ተፋፍቆ ጠፍቷል። የባለ ይዞታው ስም ያለው ውስጥ ነው። የት ምን እንዳለ የሚናገረው ጆንያው ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነበር። ከጆንያው ይልቅ ማኅደሩ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ስንፍና አልነበረም፣ ጆንያ ይራገፋል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። እነሱም ቢሆኑ ባለጌ ሥራ አልሠሩም። ከቅዱስ ዕቃ ጋር የሚቀመጥን ነገር ንጹሕ ማድረግ ነው የሚያውቁት።

መምሬም ፊቴን አይተው ገባቸው። «ምነው? አጠፋን?»

«አይ አባቴ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን ሁሉንም አውጥተን አንድ በአንድ መክፈት አለብን። ነገ ሦስት ሰዓት ችሎት አለ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እትዬ ብርቄ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ምነው፣ ጆንያውን አጡት እንዴ?» አሉኝ።

«ይገኛል እትዬ። አብሽሩ።»

ግቢው ውስጥ ሸራ አነጠፍን። ዲያቆናቱ በእቅፍ በእቅፍ ያወጣሉ፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ እዚያ ማንበብ አይቻልም፣ እኔ ደግሞ መግባት አልችልም። ደፉ ላይ ቆሜ ከውስጥ የሚታየኝ የማኅደር ግድግዳ ነው፤ ከወለል እስከ ሰው ደረት። ያንን ግድግዳ አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ነው የኖርኩት። ሁለት ደቂቃ ቢያስገቡኝ ሽፋኑን በመልኩ እለየዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጠየቅኋቸው። መምሬ አቀረቀሩ።

«ልጄ፣ አታስቸግሪኝ። ይህን ደንብ እኔ አላመጣሁትም፣ እኔም ልሽረው አልችልም።»

የመጋቢት ነፋስ ታውቃላችሁ። አንዱን ክምር ስከፍት ሌላው ይበተናል። እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ድንጋይ እየለቀሙ በየክምሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያንዳንዱን ስዘጋ ፊቴን ያያሉ። ሙላቴ። የሺመቤት። አበራሽ። የሁሉንም መሬት አገኘሁት፣ የእርሳቸውን ብቻ አጣሁት። ምስጋናው ሲሚንቶውን ትቶ ሊረዳኝ ቁጭ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ብርቄ» የሚል ስም አየሁና ልቤ ዘለለ፤ የሌላ ቀበሌ ብርቄ ናት። እትዬ «ምን አገኘሽ?» ሲሉኝ «ሞክሼዎን» አልኳቸው። ሣቁ፤ እኔ ግን አልቻልኩም።

ፀሐይ ስትጠልቅ መምሬ መጡ። ኩራዝ ማስገባት ክልክል ነው፤ ቤቱም ሊዘጋ ነው። የወጣው ሁሉ በየቦታው ተመለሰ፤ ያየሁትን ካላየሁት እንዳይቀላቀል ሳር አሰርኩበት። ገና ሲሶውን እንኳ አላዳረስንም። «ጠዋት ኪዳን ከደረሰ ወዲያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንከፍታለን። ሦስታችንም እንቆማለን፤ ቃሌ ነው» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ሐሙስ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ፈለግን። ጣቶቼ በወረቀት ተሰነጣጥቀው ነበር። እትዬ ብርቄ ያን ቀን ድንጋይ አልለቀሙም፤ ቁጭ አሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሡ።

«በይ እንሂድ። ዳኛ አይጠብቅም።»

«እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩ። ግማሽ ሰዓት ብቻ...»

«ጥሩወርቅ» አሉኝ፣ ለስለስ አድርገው፤ «አንቺ እኮ ፈለግሽ።»

ዳገቱን እየሮጥን ወረድን። ችሎቱ ፊት ስቆም ልብሴ ላይ አቧራና የሸረሪት ድር ነበረብኝ። ዳኛው ወጣት ነው፤ ተቆጥቶም አልነበረም።

«ማኅደሩ ቀርቧል?»

«አልቀረበም ክቡር ዳኛ።»

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«የት ነው?»

«ላይ ሚካኤል ዕቃ ቤት።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሣቁ። ዳኛው አልሣቀም። «መቼ ይቀርባል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «በሦስት ቀን» ልል አሰብኩ፤ መዋሸት ሆነብኝ። ቅዳሴ፣ ቁልፍ፣ ነፋስ... ምን ብዬ ልንገረው? «አላውቅም» አልኩ። «ብቻ አንድ ጊዜ ደግመው ይቅጠሩልን፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ የእርሳቸው አይደለም።»

«የማንም ስሕተት ቢሆን ሦስተኛ ቀጠሮ ነው። ከሳሽም መብት አለው። ፍርድ ቤቱ በቀረበለት ማስረጃ ይወስናል» አለ። ከቀትር በኋላ ውሳኔው ተነበበ። በሞላ ምስክሮች ቃል መሠረት ማሳው ለሞላ ተወሰነ።

እትዬ ብርቄ አላለቀሱም። ከችሎቱ ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካክለው ዞር አሉና «ይግባኝ የሚባለው ነገር እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲህ እስከዚያ ፈልጊልኝ» አሉ።

ፈለግኩ። ሦስቱ ሰዎች በተገኙበት ቀን ሁሉ፣ በሳምንት ሁለቴም አንዴም፣ ሸራዬን ይዤ ወጣሁ። አቶ ታረቀኝ «ያንን ብቻ ልትፈልጊ ነው ደመወዝ የሚከፈልሽ?» ብለው አንድ ቀን ቢጮኹብኝ «አዎ» ብዬ መለስኩ።

እኔ ወረቀት ሳገላብጥ መንደሩ ሌላ ነገር እያዘጋጀ ነበር። የእትዬ ብርቄ አማች በሆሳዕና ሰሞን የማሳውን መስኖ ውኃ ቀለበሰው። የሞላ ወንድም መሣሪያ ይዞ ወጣ። አልተኮሰም፤ ግን ላስታ ውስጥ መሣሪያ ይዞ ከወጣ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ሽማግሌ አይተኛም። ሽማግሌዎችና መምሬ ስመኝ ተሰብስበው በፋሲካ ሰሞን አስታረቋቸው። መምሬ የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ናቸው። ሞላ ለእትዬ ብርቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው የምርቱን ሲሶ ሊሰጥ ተስማማ፤ እርሳቸውም ነገሩን ላያነሡ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ሁለቱንም በሚካኤል ስም ገዘቱ፤ ከእንግዲህ ስለዚህች ማሳ ክስ ያነሣ የተወገዘ ይሁን። ሞላ አሜን አለ። እትዬ ብርቄም አሜን አሉ። በአንድ ትሪ በሉ።

ይህን ሁሉ ማንም አልነገረኝም። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በአራተኛው ቀን፣ ከትንንሾቹ ክምር ውስጥ፣ ሽፋኑ ተቀዶ ግማሽ የሆነ ማኅደር ከፈትኩ። ደሳለኝ። ብርቄ። ወንዝ ዳር። በታች በኩል አምስት አሻራ፣ አንዱ በጣም የወፈረ። ሸራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የይግባኙ ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። መምሬ ከበሩ ሆነው አዩኝ፤ ማኅደሩን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እንደ እኔ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። በሩን ደገፍ ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ዘገየሽ» አሉኝ። ከዚያ እስካሁን ለመናገር ያፈሩትን ሁሉ ነገሩኝ።

«ታዲያ ይፍቱት» አልኳቸው። «ያሰረ ይፈታል። ግዝቱን ያነሡላቸው። ይኸው እኮ፣ እውነቱ እጄ ላይ ነው።»

«ያሰርኩት እሷን ብቻ ቢሆን ዛሬ እፈታ ነበር። ሁለት ቤት ነው ያሰርኩት። ለእሷ ስፈታ ለነሞላም ፈታሁ ማለት ነው። ማግስቱን ወንዝ ዳር ሬሳ ካለ ማኅደርሽ ምን ይሠራል?»

«እውነቱ የእርሳቸው ቢሆንስ?»

«አውቄው ነበር» አሉ። «መሬቱ ሲለካ እኔም ነበርኩ። ካህን በችሎት ቆሞ ቢመሰክር ግማሹ ምዕመን ይርቀኛል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱ ይናገራል ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን ደግሞ እኔው...»

አልጨረሱትም። ተናድጄባቸው ነበር፤ በማርያም፣ ልሰድባቸው ነበር። ሸራዬን አጥፌ ተነሣሁ።

ማኅደሩን ይዤ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ከመሥሪያ ቤት ሰነድ ማውጣት ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግድ አልሰጠኝም። ሽንብራ ይለቅሙ ነበር። ቁጭ ብዬ ገለጥኩት።

«ይኸው» አልኳቸው። «ተገኘ።»

እጃቸውን ከሽንብራው ላይ አነሡ። «አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የእንትና ማሳ። «በደቡብ ደግሞ የገብረ ሥላሴ ነው» አሉ ሳልደርስበት። እሱን ነበር የሚለው። የባለ ይዞታዎቹን ስም ሳነብ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሻራው የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው። የወፈረውን ያለ ማመንታት ለዩት፤ ግን አልነኩትም።

«ይኸውልሽ» አሉኝ፣ «ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ ሲመሰክር ጊዜ እኔ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። ምናልባት ደሳለኝ ሰጥቶት ይሆን፣ ሳይነግረኝ ሞቶ ይሆን እያልኩ ሙት ስቀየም ከረምኩ። ለካ አልሰጠም።»

«እትዬ፣ ይግባኝ እንበል። ግዝቱን ጳጳስ ድረስ ሄደን...»

«አሜን ብያለሁ» አሉ። «የእኔ ልጅ፣ ልጆቼ ቢሞቱብኝ ሽንኩርት ልተክልባት ነው? መልሺው ወረቀቱን። እንዳይጠፋ።»

ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። የምሄድበት አልነበረኝም። ጠበቃ ጋ ብሄድ ባለ ጉዳይዋ አልከስም ብላለች፤ ዳኛው ጋ ብሄድ ይግባኝ የሚለው ተሟጋች እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም፤ መምሬ ጋ ብመለስ አልቅሰው ይሸኙኛል። ሁሉም ልክ ነው። ሁሉም በየደንቡ ነው የሠራው፣ አደራ ተቀባዩም፣ ዳኛውም፣ ሽማግሌውም፣ እኔም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር ልስጣችሁ ብል ራሴን እታዘባለሁ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ እኔም በዚያ አባባል እንጀራዬን በልቻለሁ። አሁን ግን ወረቀት በሰዓቱ ካልደረሰ ከወሬ አይሻልም እላለሁ። ዛሬ ሰነድ የት ይቀመጥ የሚል ስብሰባ ሲጠራ እንደ ድሮው ስለ አይጥ፣ ስለ ጣሪያና ስለ ሌባ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ በቸገረው ቀን ማን ገብቶ ያወጣዋል? እስካሁን ደስ የሚል መልስ የሰጠኝ የለም። ንግሥትነቴ ግን በዚያ ነፋስ ሄዷል። ገበሬ መጥቶ «አለ?» ሲለኝ፣ በእጄ ካልያዝኩት በቀር «አለ» አልልም።

ግንቦት ላይ ቢሯችን ታድሶ ገባን። ማኅደሮቹም ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ከፍርድ ቤት ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ በውሳኔው መሠረት የይዞታው ስም ወደ ሞላ እንዲዛወር ይላል። ይህ በጽሕፈት ቤታችን የአንድ ሰው ሥራ ነው። ማስመሪያ ይዤ የደሳለኝንና የብርቄን ስም ሰረዝኩ፤ ከሥሩ የሞላን ስም ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም አደረግሁ። ከዚያ በአዲሱ መደርደሪያ፣ በቁጥሩ ቦታ አስቀመጥኩት። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ።